ብስክሌት የት ይፈቀዳል? ከጅዳ ኮርኒሽ እስከ ጣኢፍ ተራሮች

አርብ ከዐስር ሰላት በኋላ ነበር። የአሰሪዎቼን የሰባት ዓመት ልጅ ይዤ ጅዳ ኮርኒሽ ወርደናል። እሱ ብስክሌቱን ይነዳል፣ እኔ አባያዬን ሰብሰብ አድርጌ ከኋላው እሮጣለሁ። ልጁ በድንገት ከነበረበት መስመር ወጥቶ ወደ ሌላው ታጠፈ። ከፊቱ አንዲት አሮጊት በከዘራ እየተራመዱ ነበር፤ ለጥቂት ተረፉ። ጠባቂው ፊሽካውን ነፋ፤ ቁጣው ግን በልጁ ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ ነበር። ቀረብ ብሎ በጣቱ መሬቱን አሳየኝ። በአንደኛው መስመር ላይ የብስክሌት ሥዕል አለ፤ በሌላኛው ላይ የሚራመድ ሰው። ስንት አርብ ተመላልሼበት ልብ ብዬ አላየሁትም።

ማታ ልጁ ሁሉንም ለማዳም ነገራት። እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አንቺ የት ነበርሽ?»

ይህን የምጽፈው ብዙዎቻችን እዚያው ቦታ ስለምንቆም ነው። ብስክሌቱ የእኛ አይደለም፣ ልጁም የእኛ አይደለም፤ ነገር ሲበላሽ ግን የምንጠየቀው እኛ ነን። በዕረፍት ቀናችን ራሳችን መንዳት ስንፈልግም ጥያቄው ያው ነው፦ የት ይፈቀዳል?

ኮርኒሽ ላይ

በጅዳ ለብስክሌት የሚመቸው ቦታ የባሕሩ ዳርቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ የተመረቀው አዲሱ የኮርኒሽ ክፍል፣ ጅዳ ዋተርፍሮንት የሚባለው፣ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ የልጆች መጫወቻና የመዋኛ ዳርቻ አለው። እያንዳንዱ ግን የራሱ ቦታ አለው። ብስክሌት በመስመሩ ላይ ይነዳል። ሰው በሚራመድበት፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት ሣር ላይና በመጫወቻው ውስጥ ግን ወርዶ መግፋት ነው።

ከኮርኒሹ ጎን ያለው የመኪና መንገድ ሌላ ነገር ነው። መኪናው ፈጣን ነው፤ ሹፌሩም ብስክሌት ይመጣል ብሎ አይጠብቅም። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ከቤት እስከ ባሕሩ ድረስ ብስክሌቱ መኪና ላይ ተጭኖ ይሂድ።

ሴት ብትነዳስ?

ይህን ጥያቄ ብዙ እህቶች በሹክሹክታ ይጠይቃሉ። ድሮ በሳዑዲ ሴት ብስክሌት ስትነዳ ማየት ብርቅ ነበር። የሳዑዲዋ ዳይሬክተር ሃይፋ አል-መንሱር በ2012 ያወጣችው «ወጅዳ» የተባለ ፊልም ታሪኩ በሙሉ ብስክሌት ስለተመኘች አንዲት ልጅ ነው። በ2013 «አል-የውም» ጋዜጣ ሴቶች በፓርኮችና በመዝናኛ ቦታዎች ብስክሌት እንዲነዱ እንደተፈቀደ ዘገበ። ፈቃዱ ግን ገደብ ነበረው፤ አባያ ለብሰው፣ ወንድ ዘመድ አብሯቸው ሆኖ፣ ለመዝናናት ብቻ እንጂ ለመጓጓዣ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። በ2018 ሚያዝያ ላይ በጅዳ የሴቶች የብስክሌት ውድድር ተካሄደ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሴቶች መኪና መንዳት ጀመሩ። ዛሬ ኮርኒሽ ላይ ሴት ብስክሌት ስትነዳ ብታዩ የሚገርም ነገር አይደለም። አባያችሁ ረጅም ከሆነ ግን ሰንሰለቱና ጎማው ውስጥ እንዳይገባ ጫፉን አስራችሁ ንዱ። ብዙ ሴት የምትወድቀው በዚህ ነው።

መካ የእግር ከተማ ናት

ከጅዳ መካ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። መካ የሚገባው ሙስሊም ብቻ እንደሆነ ይታወቃል፤ ይህንንም በመንገዱ ላይ ያለው ምልክት ያሳያል። ክርስቲያን የሆናችሁ እህቶች ቤተሰቡ በድንገት ወደዚያ ቢነሳ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

በሐረም ዙሪያ ያለው አደባባይ የሰጋጆችና የእግረኞች ነው። ልጁ ብስክሌቱን ይዞ ቢመጣ እንኳ እዚያ የሚነዳበት ቦታ አይደለም። ጀበል አን-ኑርም እንዲሁ ነው። ወደ ሒራ ዋሻ የሚወጣው በደረጃ ነው፤ አቀበቱም ብርቱ ነው፤ ጎማ ያለው ነገር አይወጣውም። በ2023 ከተራራው ሥር የተከፈተውን የሒራ ባህል ማዕከልም ሰው የሚጎበኘው በእግሩ ነው። ለሐጅ በተዘጋጁት የእግረኛ መንገዶች ላይ በቅርብ ዓመታት የኤሌክትሪክ ስኩተር ቀርቧል፤ እሱም ቢሆን በተለየለት መስመር ብቻ ነው።

ጣኢፍ፦ ጥዱ ያለበት

ሙቀቱ ሲበረታ ቤተሰቡ ወደ ጣኢፍ ይወጣል። አል-ሐዳና አሽ-ሸፋ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ናቸው። እዚያ ስትደርሱ ነፋሱ ደጋ ደጋ ይላል። ዛፉንም ልብ ብላችሁ እዩት። በሣራዋት ተራሮች ከሚበቅለው ጥድ መካከል በእኛ ደጋ ያለው የሐበሻ ጥድ አንዱ ነው።

እዚህ ነገሩ ከኮርኒሽ ይከብዳል፤ በየዛፉ ሥር ሥዕልና መስመር የለም። የተሠራና ሰፊ መንገድ ባለበት ፓርክ ምልክቱን ተከተሉ። ደረጃ፣ ጠጠር ወይም አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ቀጭን መንገድ ሲያጋጥማችሁ ብስክሌቱን ግፉት። ዛፉን መታከክና ቡቃያውን በጎማ መርገጥም ይቅር። በሳዑዲ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ያለ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥ ያስቀጣል፤ ለሻይ ብሎ ካልተፈቀደ ቦታ እሳት ማንደድም ጣጣ ያመጣል። ጠመዝማዛው የአል-ሐዳ ቁልቁለት ደግሞ የመኪና መንገድ ነው፤ ልጅ በብስክሌት እንዳይወጣበት።

ሀገር ቤት ያለው እንጦጦ ፓርክም የሚሠራው በዚሁ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት በባሕር ዛፉ መካከል ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለፈረስ መንገድ ተበጅቶለታል። ጫካው የሁሉም ነው፤ መንገዱ ግን ለየራሱ ነው።

ምልክቱን እንዲህ አንብቡ

ዐረብኛ ማንበብ ባትችሉም ቀለሙና ሥዕሉ ይነግራችኋል።

• ሰማያዊ ክብ ውስጥ ብስክሌት ካለ መንገዱ የብስክሌት ነው።
• ቀይ ቀለበት ውስጥ ብስክሌት ካለ ክልክል ነው።
• ሰውና ብስክሌት በመካከላቸው ሰረዝ ኖሮ ከተሳሉ እያንዳንዱ በየጎኑ ይሂድ ማለት ነው።
• ሰው ብቻ ከተሳለ የእግረኛ ነው፤ ወርዳችሁ ግፉ።

ምልክት ከሌለ ጠባቂውን ጠይቁ፦ «ሰይከል መስሙሕ ሂና?» ማለት «ብስክሌት እዚህ ይፈቀዳል?» ማለት ነው። «መስሙሕ» ካለ ንዱ፤ «መምኑዕ» ካለ ክልክል ነው። መጠየቅ አያሳፍርም። ጠይቃችሁ ከሆነ ኋላ ማዳም ስትጠይቃችሁም መልስ ይኖራችኋል።

ከመውጣታችሁ በፊት

ኢቃማችሁን ያዙ። ብስክሌት ስትከራዩ ዋጋውንና ሰዓቱን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ለመያዣ ግን ኢቃማም ሆነ ፓስፖርት አትስጡ። ፍሬኑን ሞክሩ። ውኃ ያዙ፤ ፀሐይዋ ሳትበርድ አትውጡ። አደጋ ከደረሰ በጅዳም በመካም 911 ይደወላል።

በራሳችሁ ቀን መንዳት ለምትፈልጉ ደግሞ፣ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የሚሠራው የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል። ለምን እንደሆነ ሳታስረዱ ልትጠይቁት የምትችሉት መብት ነው።

እኔ ብስክሌት የተማርኩት ከዚያ ፊሽካ በኋላ ነው፣ በሠላሳ አንድ ዓመቴ። በዕረፍት ቀኔ ለአንድ ሰዓት ተከራየሁ። ሁለቴ ወደቅሁ፤ በሦስተኛው ሄደልኝ። ሥዕሉ ከተሳለበት መስመር ግን አልወጣሁም።