ፍትሐ ነገሥት፦ ንጉሡንም የሚዳኝ መጽሐፍ

ሳላሐዲን በ1187 (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኢየሩሳሌምን ከመስቀል ጦረኞች ሲያስለቅቅ፣ በላስታ ዙፋን ላይ የነበሩት አገዎቹ የዛግዌ ነገሥታት ናቸው። ዛሬ በእንጅባራና በዳንግላ የሚኖረው የአዊ ሕዝብም የዚያው የአገው ግንድ ቅርንጫፍ ነው።

በዚያ ዘመን አውሮፓ ንጉሥና ጳጳስ ሲጋጩ የማን ቃል ይጽና በሚል ጠብ ትታመስ ነበር። በ1170 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት በንጉሡ ሰዎች እጅ በገዛ ካቴድራሉ ውስጥ ተገደለ። በ1215 የእንግሊዝ መኳንንት ሥልጣኑን የሚገድበውን ማግና ካርታ ንጉሡ እንዲያጸድቅ ቢያስገድዱም፣ የሮሙ ጳጳስ ኢኖሰንት 3ኛ በዚያው ዓመት ሻሩት። በዛግዌዎች ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው፤ የይምርሐነ ክርስቶስ ገድል ንግሥናንና ክህነትን በአንድ ሰው ላይ አጣምሮ ያሳያል።

ለሁለቱም ሥልጣን በጽሑፍ ደንብ ያበጀው መጽሐፍ፣ ፍትሐ ነገሥት፣ የተዘጋጀው ግን በግብፅ ነው። በ1240 ገደማ አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል የተባለ የኮፕት ሊቅ በዐረብኛ አጠናቀረው። መስቀል ጦረኞች በ1219 የግብፅን ወደብ ድምያጥን ይዘው ኋላ ለቀዋል፤ በ1249 ተመልሰው ይመጣሉ። በዚህ መካከል አስ-ሳፊ፣ በሙስሊም ሱልጣን ሥር የሚኖረው የግብፅ ክርስቲያን የሚዳኝበትን የራሱን ሕግ ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ከጉባኤያት ቀኖናና ከሮማ ነገሥታት ሕግ አሰባሰበ። በእኛ ትውፊት መጽሐፉን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) ወደ ግእዝ የመለሰው ጴጥሮስ አብደ ሰይድ ነው።

መጽሐፉ 51 አንቀጽ አለው። 22ቱ ስለ ጳጳሳት፣ ስለ ካህናት፣ ስለ ጾምና ጸሎት ይናገራሉ። 29ኙ ጋብቻን፣ ብድርን፣ ሽያጭን፣ ውርስን፣ ወንጀልንና ዳኝነትን ይይዛሉ።

ለእኔ ትልቁ 44ኛው ነው፤ ስለ ነገሥታት የሚናገረው። ኦሪት ዘዳግምን ተከትሎ፣ ንጉሥ ፈረስ፣ ሚስት፣ ወርቅና ብር እንዳያበዛ ይከለክላል። ካህናት ቅዱሱን መጽሐፍ ጽፈው እንዲሰጡት፣ እርሱም ዕድሜውን ሙሉ እንዲያነበውና በወንድሞቹ ላይ እንዳይታበይ ያዝዛል። ስለዚህ ንጉሥን ከሕግ በላይ ለማድረግ ይህን መጽሐፍ የጠቀሰ ሁሉ አጣሞታል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። 31ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን መስክሮ ሲያበቃ፣ በጦርነት የተሸነፈ ባሪያ መሆኑን ይቀበላል። አገራችን ባርነትን በሕግ የሻረችው በ1942 ነው።

ደግሞም መጽሐፉ የቤተ መንግሥትና የሊቃውንት ሕግ ነበር። በግእዝ የተጻፈ ስለሆነ፣ በአገውኛ ለሚያስብ ገበሬ የሚደርሰው በሌላ ሰው አንደበት ብቻ ነበር። የድንበርና የደም ጠብ በየአገሩ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ በሽማግሌ ፊት ነበር።

የ1930ው የወንጀል ሕግና የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ በመንግሥት ችሎት ቦታውን ወረሱት። በቤተ ክርስቲያን ግን አልተሻረም፤ በመጻሕፍት ቤት ከነአንድምታው ዛሬም ይተረጎማል። እንጅባራና ዳንግላ ያላችሁ የሕግ ተማሪዎች፣ ማግና ካርታን ስታጠኑ 44ኛውን አንቀጽም አጠገቡ ዘርግታችሁ አንብቡ፤ ግእዙ ቢከብዳችሁ የሚተረጉምላችሁ መምህር ፈልጋችሁ ጠይቁ።