የአንጎል ዘበኞችና ተቀባያቸው

ስለ ሰው አንጎል በተነገረ ቁጥር ልብ ወደ ነርቭ ሕዋሳት ያደላል እንጂ፣ በነርቮቹ መካከል እንደ ዘበኛ እየተዘዋወሩ የሞተውን የሚያነሡትንና ጉድፉን የሚጠርጉትን፣ እስፓኛዊው ሊቅ ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ በ1919 እ.ኤ.አ. ለይቶ ማይክሮግሊያ ብሎ የሰየማቸውን ደቃቅ ሕዋሳት የሚያስብ ጥቂት ነው። እነዚህ ሕዋሳት በዙሪያቸው የሚሆነውን የሚያውቁት በገጻቸው ላይ በተተከሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች ነው፤ ከእነዚያም አንዱ፣ የዘር ትእዛዙ በስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው፣ ትሬም 2 ይባላል። ይህ ተቀባይ የስብ ቅንጣትን፣ የሞተ ሕዋስን ፍርፋሪ፣ ወይም በአልዛይመር ሕሙማን አንጎል ውስጥ የሚከማቸውን አሚሎይድ በነካ ጊዜ ወደ ሕዋሱ ውስጥ መልእክት ያስተላልፋል፤ ዘበኛውም ነቅቶ ክምችቱን ይከባል፣ የቻለውንም ያህል ይውጣል።

በጥቂት ሰዎች ዘንድ ግን ከዘር ፊደላት አንዲቱ በመለወጧ፣ በተቀባዩ 47ኛ ስፍራ ላይ አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ሊቆም ሲገባው ሂስቲዲን ቆሞ ይገኛል። በ2013 እ.ኤ.አ. በአይስላንድ የካሪ ስቴፋንሰን፣ በለንደንም የጆን ሃርዲና የሪታ ገሬይሮ ባልደረቦች በየፊናቸው መርምረው እንዳስረዱት፣ ይህን ለውጥ ከአንድ ወላጁ የወረሰ ሰው በስተርጅና በአልዛይመር የመያዙ ሥጋት ከሌላው ሰው በሦስት እጥፍ ገደማ ወይም ከዚያም በላይ ይበልጣል።

የዚህ ግኝት ክብር፣ እንደ እኔ እምነት፣ ከቁጥሩ ይልቅ በለወጠው አስተያየት ላይ ነው። ማይክሮግሊያ በአሚሎይድ ዙሪያ ተሰብስበው መታየታቸው ከቀድሞ ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም፣ ይህ ደዌው ያስከተለው እንጂ ደዌውን የሚያመጣ ነገር አይደለም ብለው የሚያልፉት ሊቃውንት ብዙ ነበሩ፤ ዘር ግን ከማኅፀን ጀምሮ ከሰው ጋራ የሚኖር፣ ከደዌውም አስቀድሞ የተጻፈ በመሆኑ፣ በእርሱ ላይ ያለ ልዩነት በሽታውን ካቀረበ፣ ዘበኞቹ በምክንያቱ ውስጥ እጅ እንዳላቸው መካድ አይቻልም። በጃፓንና በፊንላንድ ሐኪሞች የተገለጸው፣ ናሱ ሃኮላ የሚባለው እምብዛም የማይገኝ ደዌም ይህንኑ ይመሰክራል፤ ይህን ተቀባይ ከሁለቱም ወላጆቹ ተበላሽቶ የወረሰ ሰው ገና በጎልማሳነቱ አጥንቱ እየቦረቦረ ይሰበራል፣ አእምሮውም ይከዳዋል።

ይህን የሚያነብ ሰው ግን የአንዲቱን ፊደል ለውጥ የተቆረጠ ዕጣ አድርጎ እንዳይመለከታት እለምናለሁ፤ ተሸክመዋት በጤና ያረጁ አሉና። በአውሮፓ እንኳ የሚሸከሟት ከመቶ አንድ ሰው አይሞሉም፤ በምሥራቅ እስያ ደግሞ ከነጭራሹ የለችም ለማለት ይቻላል።

ተቀባዩን ቀስቅሶ ዘበኞቹን ለማበርታት የተሠራ አንድ መድኃኒት በአልዛይመር ሕሙማን ላይ ተፈትኖ፣ የደዌውን ግስጋሴ እንዳላዘገየ በ2024 እ.ኤ.አ. ታውቋል፤ ስለዚህም ተመራማሪዎች አሁን አጥብቀው የሚጠይቁት፣ ዘበኞቹን መርዳት የሚገባው ደዌው ከተገለጠ በኋላ ነው ወይስ አሚሎይዱ መከማቸት በሚጀምርበት፣ የመርሳት ምልክት ከመታየቱ ብዙ ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ነው የሚለውን ነው።