የኤችዲቪ ካሴት ጥራቱ ሳይቀንስ ወደ ኮምፒውተር እንዲገባ

በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ የተቀመጡ የኒካህና የዳዕዋ ካሴቶች ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር ይበላሻሉ። በኤችዲቪ ካሜራ የተቀረጹት 1440 በ1080 ጥራት አላቸው፤ ብዙዎች ግን በአንድ የቅንብር ስህተት ይህን ጥራት ያጡታል።

መጀመሪያ ሌላ ነገር እንዳይቀረጽበት የካሴቱን መቆለፊያ «ሴቭ» ወደሚለው ያንሸራቱ። ካሜራውን አጥፍተው በፋየርዋየር ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙ። ከዚያ አብርተው ማጫወቻው ላይ ያድርጉት።

ዋናው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው፦ በካሜራው ውስጥ ኤችዲቪን ወደ ዲቪ የሚቀይር ምርጫ አለ። እሱ ክፍት ከሆነ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው ዝቅተኛው ጥራት ነው። ስለዚህ ይዝጉት።

በዊንዶውስ ላይ በአዶቤ ፕሪሚየር ፕሮ አዲስ ፕሮጀክት ሲከፍቱ የመቅጃውን ዓይነት ከ«ዲቪ» ወደ «ኤችዲቪ» ይለውጡ። ኤፍ 5ን ሲጫኑ የመቅጃው መስኮት ይከፈታል።

በቅድሚያ አንድ ደቂቃ ብቻ ገልብጠው የፋይሉን መጠን ይመልከቱ። 720 በ576 ካለ ቅንብሩ ተሳስቷል፤ ተመልሰው ያስተካክሉ።

የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ 13 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታም ያዘጋጁ። ቅጂውን በሁለት ሃርድ ዲስክ ያስቀምጡ፤ ካሴቱንም አይጣሉት።