በትይዩና በተከታታይ የተያያዙ ዳዮዶች ጭነትን እኩል የማይካፈሉበት ምክንያት

አንድ ዳዮድ 1 አምፒር የሚችል ከሆነ ሁለቱ በትይዩ ሲያያዙ 2 አምፒር ይሸከማሉ የሚለው ግምት በኃይል አቅራቢ ሰርኪዩቶች ንድፍ ላይ ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ነው። ስሌቱ ለሬዚስተር ይሠራል፤ ለዳዮድ ግን አይሠራም።

በዳዮድ ውስጥ ኮረንት ከቮልቴጅ ጋር የሚያድገው በቀጥተኛ መስመር ሳይሆን በኤክስፖኔንሺያል ሕግ ነው። በክፍል ሙቀት፣ ሕጉን በትክክል በሚከተል ዳዮድ ላይ ቮልቴጁ በ18 ሚሊቮልት ገደማ ሲጨምር ኮረንቱ እጥፍ ይሆናል፤ በ60 ሚሊቮልት ሲጨምር ደግሞ ዐሥር እጥፍ ይደርሳል። በትይዩ የተያያዙ ዳዮዶች አንድ ቮልቴጅ ስለሚጋሩ፣ ከአንድ ካርቶን የወጡ ቢሆኑም እንኳ በመካከላቸው ያለው የጥቂት ሚሊቮልት ልዩነት የኮረንቱን ክፍፍል ያዛባል። ብዙ የወሰደው ይሞቃል። የሲሊከን ዳዮድ ሲሞቅ ደግሞ ለዚያው ኮረንት የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በየዲግሪ ሴልሺየሱ 2 ሚሊቮልት ያህል ስለሚቀንስ፣ የሞቀው ይበልጥ ይስባል፤ በሳበም መጠን ይበልጥ ይሞቃል። በመጨረሻ ሾርት ሆኖ ቢበላሽ ጤነኛው ጓደኛው ብቻውን ኮረንቱን ሊያግድ አይችልም።

ከእያንዳንዱ ዳዮድ ጋር በተከታታይ የ0.1 ኦም ሬዚስተር ቢገባ፣ በ1 አምፒር የሚፈጠረው 100 ሚሊቮልት የዳዮዶቹን ልዩነት ይሸፍነዋል። ዳዮዶቹን በአንድ የጋራ ሙቀት ማብረጃ ላይ ማሰርም ይረዳል። እርግጥ ባለ 3 አምፒሩን 1ኤን5408 አንድ ብቻ መጠቀም ከዚህ ሁሉ ድካም ያድናል።

በተከታታይ ሲያያዙ ኮረንቱ ለሁሉም አንድ ስለሆነ ኮረንት በሚያሳልፉበት አቅጣጫ ችግር የለም፤ የየራሳቸው 0.7 ቮልት ያህል ይደመራል። ችግሩ ያለው በሚያግዱበት አቅጣጫ ነው። እያንዳንዱ እስከ 1000 ቮልት የሚያግድ ሁለት 1ኤን4007 ዳዮዶች 1500 ቮልት እንዲያግዱ ተያይዘዋል እንበል። አንደኛው 1፣ ሌላኛው 5 ማይክሮአምፒር የሚያሾልኩ ቢሆኑ፣ በሁለቱም የሚያልፈው ኮረንት አንድ መሆን ስላለበት ጥቂት የሚያሾልከው፣ ማለትም የተሻለው ዳዮድ፣ አብዛኛውን ቮልቴጅ ይሸከማል፤ ከ1000 ቮልትም ሊያልፍበት ይችላል። በየዳዮዱ ትይዩ የ1 ሜጋኦም ሬዚስተር ቢደረግ ግን በሬዚስተሮቹ የሚያልፈው 750 ማይክሮአምፒር ያህል ስለሚሆን የማሾለክ ልዩነቱ ከ4 ቮልት የበለጠ መዛባት አያመጣም። ለዚህ የሚመረጠው ሬዚስተር 750 ቮልትና ከግማሽ ዋት በላይ የሚችል መሆን አለበት።

ሬዚስተሮቹ የሚያስተካክሉት የረጋውን ቮልቴጅ ብቻ ነው። አቅጣጫው በድንገት ሲገለበጥ ቀድሞ ማገድ የጀመረው ዳዮድ ለአፍታ ሙሉውን ቮልቴጅ ስለሚቀበል፣ በየዳዮዱ ትይዩ አነስተኛ ካፓሲተርም ይጨመራል።