ሐረር፦ በደጋና በቆላ መካከል የቆመች የግንብ ከተማ

ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ሐረር፣ ከሐኪም ተራራ ግርጌ የተቆረቆረች የወይና ደጋ ከተማ ስትሆን፣ በስተምሥራቅ ወደ ባቢሌ ሲወረድ ግን ምድሩ በቶሎ ወደ ደረቅ ቆላነት ይለወጣል። ዝናቧን በበልግና በክረምት ታገኛለች፤ ለስመ ጥሩው የሐረር ቡና ምቹ የሆነውም ይኸው መለስተኛ አየር ነው።

በ1520 እ.ኤ.አ. የአዳል ሱልጣኔት መናገሻ የሆነችውን ከተማ፣ በዚያው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ፣ ነዋሪው ጁገል በሚለው ቅጥር አጠሯት። ነባሮቹ በሮች አምስት ሲሆኑ፣ በቅጥሩ ውስጥ ባሉት ቤቶች ከክፍሎቹ ሁሉ የሚበልጠው የእንግዳ ክፍሉ ነው፤ ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚሉት፣ ነደባ የሚባሉት መደቦች የተቀማጩን ማዕረግ ይለያሉ፣ ግድግዳውንም በእጅ የተሰፉ ሞሰቦች ያስጌጡታል። ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ፣ በ1887 እ.ኤ.አ.፣ ከተማዋ በምኒልክ ግዛት ሥር ገባች።

ከፍታዋ ግን አስከፍሏታል፤ የባቡር ሐዲዱ ተራራውን ሸሽቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ተከትሎት ወረደ። ውኃዋን ትቀዳበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅም በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደርቆ፣ በቅርብ ዓመታት መልሶ ውኃ መያዝ ጀምሯል። በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ጁገልን የሚጠብቅ ሁሉ፣ ለዚህ ሐይቅም እኩል ሊቆረቆርለት ይገባል።