የገዛ አገራችን አበባ



ከመሥሪያ ቤት መልስ ጓሮ ለምንኮተኩት አንባቢዎችዎ ስለ አንድ አበባ ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ። አበባው ፕሪሙላ ይባላል። ቢጫ ነው፤ ሽታው ያውዳል፤ በአንድ ዘንግ ላይ ደርብ በደርብ ሆኖ ይወጣል፤ ቅጠሉም ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ውሃ የሚንጠባጠብበትን ገደል ይወዳል። ብዙዎቻችን የፈረንጅ አበባ ይመስለናል፤ ዳሩ ግን አንደኛው ዘር በስሜን ተራሮች የሚበቅል የራሳችን ነው፤ ሊቃውንቱም «ሲሜንሲስ» ብለውታል። የመንም ወገኑ አለ።

በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ፥ ለንደን ባለው የኪው የዕፅዋት ቦታ፥ የዚሁ ዓይነት አበባ ከሂማላያ ዘመዱ ጋር ተዳቅሎ ነበር። ዲቃላው መጀመሪያ መካን ሆነ፤ ኋላ ክሮሞዞሙ እጥፍ ሲሆን ዘር ሰጠ። የሥነ ሕይወት መጻሕፍት እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል።

እኔ እዚህ አሰላ፥ ወዳጄ ከውጭ አገር በላከልኝ የፕሪሙላ ዘር ሞክሬ መጀመሪያ ከሠርኩ። እንደ ጎመን ዘር አፈር አለበስኩት፤ አንድም አልበቀለ። (ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።) ለካስ ዘሩ ደቃቅ ነውና ብርሃን ይሻል። በሁለተኛው በተነፋ አፈር ላይ በትኜ በጣቴ ብቻ ጫን አደረግሁት። ጣሳውን ከሥሩ በስቼ ውሃ ባለበት ሳፋ አኖርኩት፤ መስተዋት ከድኜ ከፀሐይ አራቅሁት። በሦስተኛው ሳምንት በቀለ፤ የጭላሎም ብርድ ተስማማው።

እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው ከስሜን ፓርክ ተክል ይነቀል አልልም። ዘሩን በፈቃድ አስለቅሞ፥ አባዝቶ የሚሸጥልን የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ግን ቢገኝ፥ እኔ ጣሳዬን አዘጋጅቻለሁ።

አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ
ከአሰላ