ከክራሩ በኋላ ያለው ጨዋታ፦ አድማጭ ስለ ሰማው ሙዚቃ እንዴት ይመስክር?

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከቀረበ ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ)



ንግግሬን ከአንድ ዕዳ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ስለነበሩ የክራር ተጫዋቾች የመመረቂያ ጽሑፏን ለመሥራት አስባ ቢሮዬ መጣች። እኔ በወጣትነቴ አጋሮ ውስጥ አንድ አዛውንት ክራር ሲጫወቱ ሰምቼ ማደሬን ሰው ነግሯት ኖሯል። «ዶክተር፣ አጨዋወታቸው እንዴት ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ። «ግሩም ነበር» አልኳት። «ምኑ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። አዛውንቱ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ድምፃቸውን የቀረጸ ሰው መኖሩንም አልሰማሁም። ከዚያ ሁሉ ሌሊት በእጄ የቀረው «ግሩም ነበር» የሚል ምስጋና ብቻ ነው። የዛሬው ንግግሬ «ምኑ?» ስለሚለው ስለዚያ ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ ስለ የትኛው ሙዚቃ እንደምናገር ግልጽ ላድርግ። በውጭው ዓለም «ኢንዲ ፎልክ» የሚባል የሙዚቃ ዘርፍ አለ። «ኢንዲ» ማለት ከትልልቅ አሳታሚ ኩባንያዎች ውጭ ራሱን ችሎ የሚሠራ ማለት ሲሆን፣ «ፎልክ» ደግሞ ከሕዝብ ዜማ የተቀዳ፣ በጥቂት መሣሪያ የሚታጀብ ዘፈን ነው። ቦን ኢቬር በሚል ስም የታወቀው አሜሪካዊው ጀስቲን ቬርነን አብዛኛውን የመጀመሪያ አልበሙን በዊስኮንሲን ጫካ ውስጥ ባለች ጎጆ ብቻውን ቀርጾ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያ ራሱ አሳተመው፤ አሳታሚ ኩባንያ የተቀበለው ከዚያ በኋላ ነው። ስሙን የዘረጋለት በአብዛኛው የአድማጭ ምስክርነት ነበር። ለእኛ ግን ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ክራር፣ አንድ ድምፅ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ጥቂት ሰዎች፤ ካሳ ተሰማም፣ ሜሪ አርምዴም፣ አስናቀች ወርቁም ስማቸውን የተከሉት በዚሁ መንገድ፣ በክራርና በድምፅ ነው።

የአድማጭ ምስክርነት ስለምን ይህን ያህል ይከብዳል? መልሱን ከዚሁ ከከተማችን ታሪክ እናገኘዋለን። ጅማ ሁለት ታላላቅ ሙዚቀኞችን ወልዳለች፤ ዓለማየሁ እሸቴን በ1941፣ ሙላቱ አስታጥቄን በ1943 እ.ኤ.አ.። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን፣ አምሐ እሸቴ ያንን ደፍሮ አምሐ ሪከርድስን ሲያቋቁም በ1969 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያወጣው ሸክላ የዓለማየሁ ነበር። ኋላም በፈረንሳይ አገር «ኢትዮፒክ» በሚል ርእስ በተከታታይ ከታተሙት ስብስቦች 4ኛው የሙላቱን፣ 9ኛው የዓለማየሁን ሥራ ይዘው ወጡ። በ2005 እ.ኤ.አ. የሙላቱ ሙዚቃ በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ሲሰማ፣ ጅማን በካርታ ላይ የማያውቅ ሰው ሁሉ የጅማን ልጅ አደመጠ።

እነዚህ ሁለቱ ሸክላ አላቸው። ስቱዲዮ ገብተው የማያውቁት፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ፣ በጪራ ቡናው ተለቅሞ ገንዘብ ሲገባና የሠርግ ወራት ሲደርስ የሚጫወቱት ግን ከአድማጭ ትዝታ ሌላ ማኅደር የላቸውም። አድማጩ አጥርቶ ካልመሰከረ ሙዚቃው ከሰዎቹ ጋር አብሮ ይቀበራል።

የአድማጭ ቃል ኃይል እንዳለው አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ1947 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ የተወለደው አሊ መሐመድ ሙሳ በልጅነቱ የአፍራን ቀሎን ቡድን ተቀላቅሎ የመጀመሪያ ዘፈኑን ሲያሰማ፣ የዘፈኑ መነሻ ቃል «ቢራ» ነበር፤ በአፋን ኦሮሞ ከክረምት በኋላ የሚመጣው የጠራ ወቅት ማለት ነው። ሰው ዘፈኑን ከልጁ ጋር አጣብቆ «አሊ ቢራ» ሲል ጠራው፤ ስሙም ያው ሆኖ ቀረ። የዩኒቨርሲቲያችን የክብር ዶክትሬት የተሰጠውም በዚሁ ስም ለሚታወቀው ሰው ነው። አድማጭ በአንዲት ቃል ሙዚቀኛን እስከ ዕድሜ ልኩ ሊሰይም እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

እንግዲህ ወደ «ምኑ?» እንመለስ። አድማጭ ምን ምን ልብ ይበል?

አንደኛው ቅኝቱና እጁ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የቆሙ ናቸው። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር ብቻ ስላለው፣ ተጫዋቹ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲሻገር አውታሮቹን እንደገና መቃኘት ግድ ይሆንበታል። ብዙዎቻችን ያቺን ጊዜ እንደ ባዶ ጊዜ ቆጥረን ወሬ እንጀምራለን። ነገር ግን ተጫዋቹ ወዴት ሊወስደን እንዳሰበ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። እጁንም ተመልከቱ፤ አንዱ አውታሮቹን በጣቱ አንድ በአንድ ይነካል፤ ሌላው ሁሉንም በአንድነት እየመታ የማይፈልጋቸውን በግራ እጁ ጣቶች ያፍናል። «በጣቱ ይነካ ነበር፤ ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር ድምፁን ዝቅ አደረገ» ብዬ ለተማሪዋ ብነግራት ኖሮ፣ ቢያንስ አንድ አንቀጽ ይወጣት ነበር።

ሁለተኛው ግጥሙ ነው። በሰምና ወርቅ ባህላችን ኅብረ ቃሉን ፈልቅቆ ወርቁን ማውጣት የአድማጭ ድርሻ ነው። በአዝማሪ ቤት ደግሞ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል። የጅማ አድማጭ ሌላም ሸክም አለበት፤ አፋን ኦሮሞና አማርኛ በአንድ ምሽት ሲፈራረቁ አጠገቡ ለተቀመጠው ይፈታል። ሁለት ሰዎች አንዱን ስንኝ ለየብቻ ቢፈቱት ሁለቱም ፍች ይመዝገብ፤ ልዩነቱ ራሱ ስለ ዘፈኑ ይናገራልና።

ሦስተኛው ቤቱ ነው። ማን ነበር? ሰዉ የት ላይ ዝም አለ? የት ላይ ተቀበለ? በጌራርሳ ጊዜ አድማጩ በቃሉ እያበረታ ዘፋኙን ወደፊት ይገፋዋል፤ ያንን ትታችሁ ድምፁን ብቻ ብትተርኩ ግማሹን አስቀራችሁ። «ዛሬ ሁሉም በስልክ ይቀረጻል፤ ምስክር ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። ስልኩ ድምፁን ይይዛል። በሦስተኛው ዘፈን ላይ ሰዉ በድንገት ጸጥ ያለበትን ምክንያት ግን አይነግራችሁም፤ ያንን የሚያውቀው እዚያ የተቀመጠው ሰው ነው።

እነዚህ ሁሉ የሚወጡበት ቦታ ደግሞ አለን፤ የቡናው ጨዋታ። የእኛ ቋንቋ ክራር መምታትንም ሐሳብ መለዋወጥንም «ጨዋታ» ብሎ በአንድ ቃል መጥራቱን ልብ በሉልኝ። ከሙዚቃ ምሽት ማግስት ቡና ሲፈላ እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ። አቦሉ ላይ ሁሉም ያመሰግናል። ቶናው ላይ አንዱ ደፍሮ «ሁለተኛው ዘፈን ላይ ግን ድምፁ ከክራሩ ወጣ» ይላል፤ ሌላው ይሟገተዋል። በረካው ሲደርስ የተነሣውም ተነሥቶ፣ የቀሩት ጥቂቶች ዘፈኑ ያስታወሳቸውን ይጨዋወታሉ። አብዛኛው ምስክርነታችን ግን አቦሉ ላይ ይቆማል። ይሉኝታ ይይዘናል፤ ተጫዋቹ የጎረቤት ልጅ፣ የወዳጅ ወንድም ነው። ስሕተቱን አለመናገር አክብሮት ይመስለናል። ሆኖም ሁልጊዜ «ግሩም ነው» ብቻ የሚሰማ ወጣት ምኑን እንደሚያሻሽል፣ ምኑንም እንደሚጠብቅ አያውቅም። በጥንቃቄ የተሰነዘረ ነቀፌታ «ሥራህን ከልቤ ሰምቼዋለሁ» ማለት ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው የቤት ሥራ ቀላል ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው በአንድ ክራር ወይም በአንድ ጊታር ሲጫወት ከሰማችሁ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ቀኑንና ቦታውን፣ ቅኝቱን፣ የያዛችሁትን ስንኝና ሰዉ ዝም ያለበትን ቅጽበት ጻፉ። በማግስቱ ቡናው ላይ እዚያ ላልነበረ ሰው ተርኩለት፤ «ምኑ?» ብሎ ሲጠይቃችሁም አትቆጡ።

ለዚያች ተማሪ አሁንም መልስ የለኝም። ስለ አዛውንቱ ልትጽፍ ያሰበችው ክፍል ከጽሑፏ ወጥቷል፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። የእናንተ ዘመን ተጫዋቾች ግን ዛሬም በየከተማው አሉ፤ ምስክሮቻቸውም እናንተ ናችሁ።